የዲፕሎማት ዘመዳችሁን ኒሻኖች እንዴት ትሰበስባላችሁ?

አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገልግለዋል። በሦስተኛ ጸሐፊነት ጀምረው እስከ አማካሪነት ደርሰዋል። ያ ሁሉ ዘመን በመጨረሻ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮዋን ከአልጋ ሥር ያወጡልኝ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። በ1967 ቤት ይፈተሻል ሲባል የጤፍ በርሜል ውስጥ ቀብረዋት እንደነበር የነገሩኝም ያን ቀን ነው።

ክዳኑን ስከፍት በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ነገሮች አገኘሁ። አንድ ባለ ጥብጣብ ኒሻን፣ አንድ ሜዳይ፣ ሌላ ደግሞ ከኒሻኑ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ፣ ግን አውራ ጣት የማታክል ትንሽ ኒሻን። ጥግ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ወድቃለች። «እሷ ከኮቱ የወደቀች ቁልፍ ናት። እተክላታለሁ ብዬ አስቀምጬ ረሳኋት» አሉኝ እትዬ።

ቁልፍ አልነበረችም። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእኛን ቤት ስብስብ ጨርሼ ሁለት ሌሎች ቤተሰቦችን አግዣለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ኒሻን ያለ ወረቀቱና ያለ ታሪኩ ብረት ነው። ስለዚህ ሰውንና ወረቀትን ሳናዳርስ ብረቱን አንነካም።

1. ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

ሻንጣውን ወይም መሳቢያውን እንደከፈታችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስልካችሁን አውጥታችሁ እንዳለ አንሱት። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደተጠቀለለ ራሱ መረጃ ነው።

እኔ ጋዜጦቹን ልጥላቸው ስል እትዬ ከለከሉኝ። በኋላ ዘርግቼ ሳያቸው አንዱ ቁራጭ የአዲስ ዘመን ነው፣ ቀኑም ይነበባል። ቆርቆሮዋ መቼ እንደታሸገች ያወቅነው በእሱ ነው። ጋዜጣውን ለብቻው ፖስታ ውስጥ አድርጉት። የቱን ዕቃ ጠቅልሎ እንደነበር ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ። መልሳችሁ ከኒሻኑ ጋር ግን አታድርጉት፣ ብር ያጠቁራል።

2. አዛውንቶቹን ጠይቁ

ይህን ለነገ አታሳድሩት። ወረቀት ይቆያል፣ ሰው አይቆይም።

«ስለ ጋሼ ሥራ ይንገሩኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ «ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» ተብሎ ያልቃል። ዕቃውን ወይም ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ስለ እሱ ብቻ ጠይቁ። ይህን ያደረጉት መቼ ነው? ከማን እጅ ተቀበሉ? ያን ቀን እርስዎ ምን ለብሰው ነበር? እቤት ሲመለሱ ምን አሉ? እትዬን የከፈታቸው ስለ ልብሳቸው የጠየቅኋቸው ጥያቄ ነው። የቀሚሱን ቀለም ሲያስታውሱ አዳራሹ መጣ፣ አዳራሹ ሲመጣ ከተማው መጣ፣ ከዚያ ዓመቱ።

ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ከነገራችሁ ሁለቱንም ከነስማቸው ጻፉ፤ ዳኛ አትሁኑ። የተሸጠ ዕቃ ካለ ደግሞ በቀስታ ጠይቁ፣ አትውቀሱም። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የፈረንሳዩን ለልጆቹ ትምህርት ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰድኩት» አሉኝ። በዚያ ዘመን ስንቱ ቤት እንዲህ ሆኗል። እኔ እስከዚያች ቀን «የፈረንሳዩ» የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ዘመድ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ካለ እነሱንም አዳርሱ። በአብዮቱ ጊዜ ውጭ የነበሩ ብዙ ዲፕሎማቶች እዚያው ቀርተዋል፤ ፎቶውም ወረቀቱም አብሯቸው ቀርቷል። ምስል በቴሌግራም ሲልኩላችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልኩት ንገሯቸው። እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና ጥቃቅኑ ጽሑፍ ይጠፋል።

3. ወረቀቱን አድኑ

ለአንድ ኒሻን በጣም አስፈላጊው ነገር ዲፕሎማው፣ ማለትም ከኒሻኑ ጋር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። የተሸላሚው ስም፣ ደረጃውና ቀኑ እሱ ላይ አለ። አብዛኞቹ ኒሻኖች ላይ ስም አይቀረጽም። ስለዚህ ያለ ዲፕሎማ «ይህ የአባቴ ነው» ማለት ትችላላችሁ እንጂ ማሳየት አትችሉም።

የት ትፈልጋላችሁ? ከፎቶ ፍሬም ጀርባ፣ በትልልቅ መጻሕፍት መካከል፣ በሻንጣ ገበር ውስጥ፣ ከቤት ካርታ ጋር። የእኛው የተገኘው ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ነው። ፍሬሙ መስታወቱ ተሰንጥቆ ሊቀየር ሲፈታ አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ወደቀ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። እትዬ የሸጡት፣ የክብር ሌጌዎን የሚባለው የፈረንሳይ ኒሻን ዲፕሎማ ነው።

ከዲፕሎማው ሌላ እነዚህን ፈልጉ። የሹመት ደብዳቤ፣ የዲፕሎማት ፓስፖርትና መታወቂያ፣ የግብዣ ካርዶች፣ የእራት መቀመጫ ዝርዝር፣ የስም ካርድ፣ የመኪና ላይ ትንሽ ባንዲራ፣ የሥነ ሥርዓት ልብስ ካለ ቁልፎቹ ሳይቀሩ። ኒሻን የመቀበያ ፈቃድ ደብዳቤም ሊኖር ይችላል። በብዙ አገር አንድ ዲፕሎማት የውጭ ኒሻን የሚቀበለው መንግሥቱን አስፈቅዶ ነው።

አምባሳደር ለነበሩ ሰዎች ቤተሰብ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎች የሹመት ደብዳቤውን ዋና ቅጂ ፈልገው ሲያጡ ይጨነቃሉ። አትጨነቁ። አምባሳደሩ ለተቀባዩ አገር ርእሰ ብሔር ያቀረበው ደብዳቤ እዚያው ይቀራል። እቤት የሚገኘው ግልባጩ ወይም የሥነ ሥርዓቱ ፎቶ ነው። ቆንስል ለነበረ ሰው ግን ተቀባዩ አገር የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይሰጠዋል፣ እሱን ልታገኙት ትችላላችሁ።

4. ዕቃውን አንብቡ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ኒሻኑን በጠርዙ ያዙት። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ከማስመሪያ ጋር አንሱ። ጽሑፉ ከተፋቀ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ያልታየው ፊደል ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል።

መጀመሪያ ኒሻንና ሜዳይን ለዩ። ኒሻን ደረጃ ያለው ሽልማት ነው። በንጉሡ ዘመን የሰሎሞን፣ የንግሥተ ሳባ፣ የሥላሴ፣ የዳግማዊ ምኒልክ እና የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻኖች ነበሩ። ሜዳይ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ በዓል ወይም ዘመቻ መታሰቢያ የሚሰጥ ነው። የ1923ቱ የዘውድ በዓልና የ1948ቱ የብር ኢዮቤልዩ የየራሳቸው ሜዳይ ነበራቸው።

ቀጥሎ ደረጃውን ፈልጉ። ኢትዮጵያም ሆነች ብዙ የአውሮፓ አገሮች አምስት ደረጃ ተጠቅመዋል። ደረጃው የሚታወቀው በአለባበሱ ነው።

አንደኛው ደረጃ ታላቅ ኮርዶን ነው። ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርድ ሰፊ ጥብጣብ እና ደረት ላይ የሚሰካ ትልቅ ኮከብ አለው። ሁለተኛው ኮከቡ አለው፣ አብሮት አንገት ላይ ወይም ደረት ላይ የሚንጠለጠል ኒሻን ይኖራል። ሦስተኛው፣ ኮማንደር የሚባለው፣ አንገት ላይ ብቻ ነው። አራተኛው ደረት ላይ ይንጠለጠላል፣ ጥብጣቡ መሐል ላይ ሮዜት የሚባል ክብ የጥብጣብ አበባ አለው። አምስተኛው እንደ አራተኛው ሆኖ ሮዜት የለውም።

ይህን ካወቃችሁ የጎደለውንም ታውቃላችሁ። አንዱ ያገዝኩት ቤተሰብ ጀርባው ላይ መርፌ ያለው ኮከብ ብቻ ነበረው። ኮከብ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይሰጥም፣ ጓደኛ አለው። ያንን ስነግራቸው የአክስታቸው ቁምሳጥን ውስጥ «የመጋረጃ ማሰሪያ» ተብሎ የኖረ ሰፊ ጥብጣብ ትዝ አላቸው። ኮርዶኑ ነበር።

ትንንሾቹን ኒሻኖች ደግሞ ሁለቴ እንዳትቆጥሩ። አውራ ጣት የምታህለው የዋናው ኒሻን ትንሽ ቅጂ ናት፤ በማታ ልብስ ላይ የሚደረግ። የእኛ ቤት «አጎታችሁ ሦስት ኒሻን አላቸው» ሲባል የኖረው ትልቁን፣ ትንሹንና ሜዳዩን ቆጥሮ ነው። ቆርቆሮዋ ውስጥ በእርግጥ የነበረው አንድ ኒሻንና አንድ ሜዳይ ነው።

አሁን ወደ ቀይዋ ቁልፍ። አጎቴ ግራጫ ኮት ለብሰው የተነሡት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። በከፍተኛ ጥራት (600 ዲፒአይ) ስካን አድርጌ ሳጎላው በግራ ኮሌታቸው ላይ አንዲት ክብ ነጥብ አለች። በፈረንሳይ ሥርዓት የክብር ሌጌዎን ተሸላሚ በዘወትር ልብሱ ላይ ምልክቱን ኮሌታው ላይ ያደርጋል። ሼቫሊዬ (አምስተኛው ደረጃ) ከሆነ ቀጭን ቀይ ጥብጣብ ብቻ ነው፣ ኦፊሲዬ (አራተኛው) ከሆነ ቀይ ሮዜት። የእትዬ «ቁልፍ» ሮዜት ናት። ዲፕሎማው ከሥዕሉ ጀርባ ከመውደቁ በፊት ደረጃቸውን የነገረችን እሷ ናት። ስለዚህ ከኮት ኪስ፣ ከመስፊያ ሳጥን፣ ከቁልፍ ጣሳ የሚወጣ ባለ ቀለም ክብ ጨርቅ ካለ አትጣሉ።

ከዚያ ቀኑን አንብቡ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የግእዝ ቁጥር ቀላል ነው። ፲፱፻፳፫ ማለት ፲፱ (19) መቶ እና ፳፫ (23)፣ ማለትም 1923። ፲፱፻፵፰ ደግሞ 1948። የውጭ ወረቀት ላይ ካለው ቀን ጋር ስታስተያዩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ባለው ጊዜ 7 ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ 8። የዘውድ በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ማለት ነው። ካርዳችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ። የልጅ ልጆቻችሁ ምን እንደሚያነቡ አታውቁም።

ሁለተኛው ስሕተት ኒሻኑ ላይ የተቀረጸውን ዓመት የሽልማት ዓመት ማድረግ ነው። የቆየ የክብር ሌጌዎን ላይ 1870 የሚል አለ። ያ በአውሮፓ አቆጣጠር ሦስተኛው የፈረንሳይ ሪፐብሊክ የተመሠረተበት ዓመት ነው እንጂ ማንም የተሸለመበት አይደለም።

የሠሪውን ምልክትም ፈልጉ። በንጉሡ ዘመን በተሠሩ የኢትዮጵያ ኒሻኖች ጀርባ ላይ አዲስ አበባ የነበረው አርመናዊው ጌጣጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን ስም በላቲን ፊደል ይገኛል። ለንደንና ፓሪስ የተሠሩም አሉ። በፈረንሳይ ሥራ ላይ ቀለበቷ አካባቢ በአጉሊ መነጽር የምትታይ የንስር ራስ ካለች ወርቅ ነው፣ የከርከሮ ራስ ካለች ብር። «ወርቅ ነው» የተባለ ኒሻን ብዙውን ጊዜ በወርቅ የተለበጠ ብር ነው። ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ወርቅ ሠሪ ጋ ያልሄዱ ስንቶች ነበሩ። የጃፓን ኒሻን ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን አትለዩት፤ የኒሻኑ ስምና ደረጃ ጥቁሩ ሳጥን ክዳን ላይ በወርቃማ ፊደል ይጻፋል።

5. ከመዝገብ ጋር አመሳክሩ

የውጭ ኒሻን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመሪዎች ጉብኝት ጋር ነው። እንግዳው ሲመጣ ወይም ንጉሡ ሲሄዱ ኒሻን ይለዋወጣሉ፣ ለተከታዮችና ለኤምባሲ ሠራተኞችም ይደርሳል። ስለዚህ የጉብኝቶቹን ዓመት ደርድሩና ከዘመዳችሁ የሥራ ቦታ ጋር አስተያዩ። ንጉሡ በ1946 መጨረሻና በ1947 መጀመሪያ አሜሪካን፣ ካናዳን፣ ሜክሲኮን፣ ዩጎዝላቪያን፣ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ሆላንድን፣ ምዕራብ ጀርመንንና የስካንዲኔቪያ አገሮችን ጎብኝተዋል። የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ አዲስ አበባ የመጡት በ1948 ነው። የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ በ1953፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል በነሐሴ 1958 መጥተዋል። የአጎቴ ዲፕሎማ ቀን ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ገጠመ።

ከዚያ ጋዜጣውን ፈልጉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ይወጣል፤ የዘመኑን የቤተ መንግሥት ሽልማትና የዲፕሎማቶች መግቢያ መውጫ ይዘግባል። የቆዩ እትሞችን ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማየት ትችላላችሁ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ጥሩ ቦታ ነው። «የ1950ዎቹን ልይ» ብላችሁ አትሂዱ። ወሩን አጥብባችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ ሳምንት ይበላችኋል። ገጹን ስታነሡ የጋዜጣው ስምና ቀን ያለበትን ራስጌ አብራችሁ አንሱ።

ሰጪው አገርም መዝገብ አለው። ፈረንሳይ ለክብር ሌጌዎን ፓሪስ ውስጥ ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት አላት። ሌሎችን በኤምባሲያቸው በኩል መጠየቅ ይቻላል። ሙሉ ስሙን በላቲን ፊደል ስትጽፉ የዚያን ዘመን አጻጻፍ ተጠቀሙ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ማለቴ ነው። በዛሬ አጻጻፋችን ፈልገው ላያገኙት ይችላሉ።

6. አትወልውሉ

ሜዳዩን መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። አበራ። ደስ ብሎኝ ለእትዬ ወስጄ አሳየኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ወርቃማው ልባጥ ሄዶ ከሥሩ ሌላ ብረት እንደወጣ አየሁ። ያ ተመልሶ አይመጣም። አሁንም ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ የብር ማጽጃ፣ ሁሉም ይቅር። አቧራውን በአዲስ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ፤ የመኳኳያ ብሩሽ ይበቃል። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ ተዉት። ባለ ቀለም ኢናሜል (እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ልባጥ) ከሆነ ውኃም አታስነኩት። ተሰንጥቆ የወደቀ ፍንካች ካለ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ሙጫ አትቀቡ። አረንጓዴ ዝገት ያወጣውን ከሌሎቹ ለዩትና ለሙዚየም ባለሙያ አሳዩ። ጥብጣቡን አትጠቡ፣ አትተኩሱ። ዋናው ጥብጣብ የቱንም ያህል ቢያረጅ በአዲስ ከመቀየር ይሻላል።

7. ማስቀመጫ

ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ድኝ ደግሞ ላስቲክ ውስጥ አለ፣ የሱፍ ጨርቅ ውስጥ አለ፣ ጋዜጣም ላይ አይጠፋም። በፌስታልና በላስቲክ ታስሮ የኖረ ኒሻን ላይ የላስቲኩ ቅርጽ ጥቁር መስመር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ርካሹ መፍትሔ አቡጀዲ ነው። ስታርቹ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ማለስለሻ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልሉበት። ከዚያ ጥሩ ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡ። ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለውን ምረጡ። 3 ቁጥር ያለው ፒቪሲ ነው፣ ከጊዜ በኋላ አሲድ ያወጣል፣ አይሆንም። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሩበት። በየክረምቱ መግቢያ ቀይሯት። የብል መከላከያ ክኒን አጠገቡ አታድርጉ።

ወረቀቱን ከብረቱ ለዩት። እጥፋቱን በኃይል አትዘርጉ። ስኮች አትለጥፉ፣ አግራፉን ንቀሉ፤ የዛገ ከሆነ በትዕግሥት። ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ ብቻ፣ በስሱ ጻፉ። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ስካን አድርጋችሁ ያተማችሁትን ስቀሉ። ዋናው ዲፕሎማና ጥብጣቡ ፀሐይ ካገኛቸው ቀለማቸው ይሄዳል።

8. የጠፋውን መተካት

የጠፋ ኒሻን በሌላ መተካት ይቻላል፤ ነውር የለውም። ነውሩ ምትክ መሆኑን አለመጻፍ ነው።

ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ጀምሮ እስከ ለንደን ጨረታ ቤቶች ድረስ የኢትዮጵያ ኒሻኖች ይሸጣሉ። ስትገዙ ሞዴሉን ከዘመኑ ጋር አስተያዩ። እኔ የአጎቴን ሌጌዎን ልተካ ስፈልግ አንድ ነጋዴ ያሳየኝ 1870 የተጻፈበት ነበር። ቆንጆ ነበር። ግን ያ የሦስተኛው ሪፐብሊክ ሞዴል ነው፤ አጎቴ የተሸለሙት በአምስተኛው ነው። አልገዛሁትም። ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው፣ ባዶነቱም ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። በውጭ ያለው የቀድሞው ንጉሣዊ ቤተሰብ የዘውድ ምክር ቤት የቀድሞዎቹን ኒሻኖች አሁንም ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ የሚመስል የሥላሴ ወይም የምኒልክ ኒሻን ብታዩ የግድ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የአባታችሁን ዘመን ኒሻን አይተካም። ስም ያለበት ዲፕሎማ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ አትለያዩት። የሌላ ቤተሰብ አባት ነው፤ ከቻላችሁ ልጆቹን ፈልጉ።

9. ሕጉን አትርሱ

የቆዩ ዕቃዎች በቅርስ ሕግ ሥር ሊወድቁ ይችላሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲሆን ይፈቅዳል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። ለውጭ ዘመድ በሻንጣ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ቦሌ ላይ መያዝ ለዕቃውም ለሰውም ክፉ ነው።

አንዳንድ አገር ኒሻኑን የሚሰጠው ለሰውየው ዕድሜ ብቻ ነው። የዴንማርክ የዳኔብሮግና የኖርዌይ የቅዱስ ኦላቭ ኒሻኖች ተሸላሚው ሲያርፍ ይመለሱ የሚል ደንብ አላቸው። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ኤምባሲያቸውን አነጋግሩ። ከመመለሳችሁ በፊት በደንብ ፎቶ አንሱ፣ መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤም ተቀበሉ።

በወረቀቶቹ መካከል «ምሥጢር» የሚል የሥራ ደብዳቤ ካገኛችሁ የቤተሰብ ንብረት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁት። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረክቡ።

ስብስቡን ለሙዚየም ወይም ለተቋም ልትሰጡ ካሰባችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዙ። የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነፎቶው፣ በአንድ ሰው ስም ሳይበታተን እንደሚቀመጥ፣ ቤተሰቡ መጥቶ የማየት መብት።

10. ካርድ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ። ቁጥር፣ ስም፣ ደረጃ፣ መጠን፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ የተሸለመበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እንዴት እንደምናውቅ፣ አሁን የት እንዳለ። «እንዴት እንደምናውቅ» የሚለውን አትዝለሉ። ከዲፕሎማ የታወቀው፣ ከጋዜጣ የታወቀውና እትዬ የነገሩን ክብደታቸው የተለያየ ነው። አንዱን ቅጂ እቤት፣ አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ፣ አንዱን ኢሜይላችሁ ውስጥ አድርጉ።

ናሙና ይሆናችሁ ዘንድ የእኛን አራተኛ ካርድ ልገልብጥላችሁ፦

ቁጥር 4። የክብር ሌጌዎን ሮዜት፣ የኦፊሲዬ ደረጃ። ቀይ፣ ክብ፣ ስፋቷ 7 ሚሊ ሜትር። ጽሑፍ የለባትም። ሽልማቱ፦ ነሐሴ 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1966)። ማስረጃ፦ ዲፕሎማው (ካርድ 5)፣ ግራጫ ኮት የለበሱበት ፎቶ (ካርድ 11)። ዋናው ኒሻን በደርግ ዘመን ለልጆች ትምህርት ተሽጧል፤ ምትክ አልተገዛም። ያቆዩዋት፦ እትዬ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ የኮት ቁልፍ መስላቸው።